የባለቀዳዳው ጣቶች

ሰውየውን ሠፈሩም መሥሪያ ቤቱም የሚጠራው «ባለቀዳዳው» እያለ ነው። ቅጽል ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራው አስፋልት መብሳት ነው። አንድ መንገድ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ወይም ከዕድሜው ቀድሞ መሰነጣጠቅ ሲጀምር፣ ባለቀዳዳው ማሽኑን አስጎትቶ ይመጣና ጣሳ የምታክል ድፍን ቁራጭ ከመንገዱ ሆድ አውጥቶ ለላቦራቶሪ ይልካል። እነሱ ይለኩታል፣ ይጫኑታል፣ ይሰብሩታል። እሱ ደግሞ ያወጣበትን ጉድጓድ ደፍኖ ይሄዳል።

አላፊ አግዳሚው ቆሞ «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» ማለቱ አይቀርም። የባለቀዳዳው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «መንገዱ አሥር ሴንቲሜትር ነው ተብሎ ነበር፤ ስምንት ሆኖ ተገኘ። ሁለቷን ማን እንደበላት እያየን ነው።» ጠያቂው ስቆ ያልፋል። ድሮ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር፤ ዘንድሮ ግን የሚናገረው አፉ ስለለመደው ብቻ ነው።

መብሳት ብርቅ አይደለም፤ ማሽን ያለው ሁሉ ይበሳል። የእሱ ኩራት መድፈኑ ላይ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከደፈናቸው ጉድጓዶች አንዱም ድፍኑን ተፍቶ አያውቅም። ይህን የሚያወራው ራሱ አልነበረም፤ ሌሎቹ ናቸው የሚያወሩለት፤ እሱም አጠገባቸው ቆሞ እንዳልሰማ ይሆናል። ሰው ሲያሞግሰው እንዳልሰማ መሆን የሚችል ሰው መቼም በደንብ ሰምቷል ማለት ነው።

በብርድ ወራት ይህ ሥራ ሌላ ሥራ ይሆናል። አስፋልቱን የሚበላው ቱቦ ጫፉ ላይ የአልማዝ ፍርፋሪ የተጣበቀበት ነው፤ ያለ ማቋረጥ ውሃ ካልጠጣ ግሎ ይቃጠላል። ውሃው ደግሞ በብርድ በረዶ ሆኖ ይረጋል። ስለዚህ በርሜሉ ውስጥ የማይረጋው የመኪና መስታወት ማጠቢያ ሰማያዊ ፈሳሽ ይጨመራል። ቱቦው መንገዱ ውስጥ እያለ ማሽን አቁሞ ሻይ ልጠጣ ማለት የለም፤ ሻዩ ሳያልቅ ቱቦውና አስፋልቱ ተያይዘው ይረጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ማላቀቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ወደ መንገዱ የሚፈሰው ውሃ ላይ ወዲያው አሸዋ ይበተናል፤ አለበለዚያ መንገዱ መስታወት ሆኖ ሰው ያንሸራትታል። ማታ ማታ የውሃው ፓምፕ እስከ ጠብታው ይራገፋል፣ ውሃ ማሳለፊያ ጎማውም ተንጠልጥሎ ያድራል። ፓምፑን ሳያራግፍ ቤቱ የገባ ሰው ጠዋት የሚጠብቀው ለሁለት የተሰነጠቀ ፓምፕ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መድፈኑ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ጭቃ ውሃ መጀመሪያ በጭልፋ ይወጣል። ጭልፋው የሚስቱ ነበር፤ እጀታው ሲላላ «ለመንገድህ ይሁንህ» ብላ ሰጥታው ነው። ቀጥሎ ስፖንጅ፣ ከዚያ የጋዝ እሳት። በመጨረሻ ባለቀዳዳው በደረቱ ተኝቶ፣ ጓንቱን አውልቆ፣ ባዶ እጁን እስከ ክርኑ ያስገባና የጉድጓዱን ወለል ይዳብሳል። «ጓንት ዋሾ ነው» ይላል። ወለሉ እርጥበት ካለው እርጥበቱ ሌሊት ይረጋል፤ ሲረጋ ያብጣል፤ ሲያብጥ ድፍኑን ከሥሩ ይገፋዋል። «ደርቋል» ካለ ግን ነገር አለቀ። አብሮት የሚሠራው ሾፌር እግሩ ሥር፣ መኪናው ማሞቂያ አጠገብ ሲያሞቅ የዋለውን የከረጢት አስፋልት ይዞ ይመጣል፤ ትንሽ ይፈስሳል፣ ይጠቀጠቃል፤ እንደገና ይፈስሳል፣ ይጠቀጠቃል፤ ዳር ዳሩ ሬንጅ ይቀባል። ያቺን «ደርቋል» የምትለውን ቃል ማንም ተጠራጥሯት አያውቅም።

እንግዲህ የባለቀዳዳው ጣቶች መስማት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው።

መጀመሪያ ጫፎቻቸው ብቻ እንደ ሻማ ነጡ። ድሮ ማሽኑ በእጅ ተይዞ ነበር የሚሠራው፤ ስንት ዓመት አንቀጥቅጦታል፤ ብርዱ ደግሞ የቀረውን ጨረሰ። ሲሞቅ ጥቂት ይመለሱ ነበር፤ ብርዱ ሲገባ ይሄዳሉ። ባለፈው ዓመት ሙሉ በሙሉ ሄደው ቀሩ። የሻይ ብርጭቆ ሲያቃጥለው የሚያውቀው በማግስቱ መዳፉ ላይ ባየው ውሃ የቋጠረ ቁስል ነው። ሐኪም ዘንድ አልሄደም። በመሥሪያ ቤቱ እጁ የደነዘዘ ሰው ከማሽን ይወርዳል፤ ከማሽን የወረደ ሰው በር ላይ ተቀምጦ መኪና ገባ፣ መኪና ወጣ ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ እንደ ወትሮው በደረቱ ይተኛል፣ እጁን ያስገባል፣ ትንሽ ይቆይና «ደርቋል» ይላል። በዓይኑ ገምቶ፣ በልማድ።

ዝም ያሰኘው ሌላም ነገር ነበር፤ እሱም ይብሳል።

ሚስቱ ያረፈችው ዘንድሮ ብርዱ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ሆስፒታል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ በደንብ የማይገጥም ክፍል ውስጥ። ከሥራ በቀጥታ መጥቶ አጠገቧ ካለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠና እጇን ያዘ። ዓይኗ ተከድኗል። እንቅልፍ የወሰዳት መሰለው። እንደ ልማዱ ቀኑን እንዴት እንደዋለ አወራላት፤ ፓምፑ እንዴት አልነሣም እንዳለው፣ ሾፌሩ እንዴት ፓምፑን ሲረግመው እንደዋለ። ነርሷ ትራሱን ልታስተካክል ገብታ ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

«አባት፣ ባለቤትዎ መቼ ነው ያረፉት?» አለችው በቀስታ። «እጃቸው እኮ ቀዝቅዟል።»

እሱ እጇን እንደያዘ ነበር።

ልጁ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ የደረሰችው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። አልቅሳ፣ አልቅሳ፣ «አጠገቧ ነበርክ? ምን ሆነች?» ስትለው፣ ከየት እንደመጣ የማያውቀው ቃል ከአፉ ወጣ። «እጇን ይዤ ነበር። በመጨረሻ ጨበጥ አደረገችኝና ሄደች።» ልጅቷ ይህችን ቃል እንደ ቅርስ ያዘቻት። ለመጣው ሁሉ፣ ለአክስቶቿም፣ ለሥራ ባልደረቦቿም፣ «እማዬ ብቻዋን አልሄደችም፤ የአባዬን እጅ ጨብጣ ነው» እያለች ነገረች። እሱም አንገቱን ነቀነቀ። ሳያለቅስ አራት ወር አለፈ። ሰው «ጠንካራ ነው» አለው። ጥንካሬ አልነበረም፤ ውስጡም እንደ ጣቶቹ ቆፍኖ ነው። የሚስቱ ካፖርት አሁንም ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ በየቀኑ ያየዋል፤ የሚሰማው ነገር የለም።

ስለዚህ ስሌቱ ግልጽ ነበር። የጣቶቹ ነገር ከታወቀ ልጁም ወደ ኋላ ቆጥራ ውሸቱ ላይ መድረሷ አይቀርም። ማሽኑ ይቅርብኝ ቢል እንኳ፣ ያቺን ቃል ከልጁ ላይ መንጠቅ አልቻለም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ አለቃቸው ኢንጂነሯ እሱንና ሾፌሩን ቆማ ጠበቀቻቸው። ቆቧን እስከ ቅንድቧ የምታወርድ፣ ሲበዛ ቁጥብ ሴት ናት።

«ከዳቦ ቤቱ በታች፣ የአውቶቡስ መንገዱ ላይ፣ ጉድጓድ ቁጥር አሥራ አራት» አለች። «ድፍኑ ወጥቷል። ትናንት አንድ ብስክሌተኛ ገብቶበት ክንዱ ተሰብሯል።»

ወደ ሾፌሩ ዞረች። «አስፋልቱ ቀዝቅዞ ነበር ማለት ነው። ከረጢቶቹን የት ነው የምታስቀምጣቸው?»

«እግሬ ሥር፣ ማሞቂያው ላይ!» አለ ሾፌሩ። «ልጆቼን እንኳ እንደዚያ አሙቄ አላሳደግሁም።»

«ወለሉስ?» አለችው ባለቀዳዳውን። «ደርቆ ነበር?»

«ደርቆ ነበር።»

«በእጅዎ አይተውታል?»

«በእጄ።»

ሃያ ስድስት ዓመት የታመነ እጅ ነውና ኢንጂነሯ ሌላ አልጠየቀችም። ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ ጥፋቱም ሾፌሩ ላይ አረፈ። የሾፌሩ ኮንትራት በወሩ መጨረሻ እንደሚታደስ ወይም እንደማይታደስ ሦስቱም ያውቃሉ። ባለቀዳዳው ማፈር እንዳለበት ገባው። ሀፍረቱ ግን አልመጣም፤ ሩቅ ቦታ ያለ ሰው የሚጠራ ይመስል ነበር።

ሾፌሩ መኪና ሲነዳ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ጠዋት ግን ትንፍሽ አላለም። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ጉድጓዱ ውስጥ መጥረጊያ ተተክሎ አገኙ። የተከለችው የዳቦ ቤቱ ባለቤት ናት።

«የናንተ ነው?» አለች ከደጃፏ ላይ። «እንደ ጥርስ እኮ ነው ከነሥሩ ተነቅሎ የወጣው! ያውላችሁ፣ ከደረጃው ሥር አስቀምጬላችኋለሁ። መጥረጊያዬን መልሱልኝ።»

የመንገድ መከለያ ኮኖቹን ደረደሩ። ሾፌሩ ድፍኑን በእግሩ ገለበጠው። ከላይ ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እንከን የሌለው ነበር፤ ያልሞቀ አስፋልት እንደዚያ አይጠብቅም። ከታች ግን አንድ ጣት የሚወፍር ክብ በረዶ ተለጥፎበታል። ሾፌሩ በመሮ መታ አድርጎ አላቀቀው፤ «ውይ፣ ውይ» እያለ ከእጅ እጅ አቀያየረውና «እስቲ ያዝልኝ» ብሎ ለባለቀዳዳው ሰጠው። ከዚያ ጭልፋውንና የጋዙን እሳት ሊያመጣ ወደ መኪናው ሄደ።

ሲመለስ ዕቃውን አስቀመጠ፣ እሳቱን ለኮሰ፣ ከዚያ ቀና ብሎ የባለቀዳዳውን እጅ አየ።

«ባለቀዳዳው።»

«አቤት።»

«በረዶውን እስካሁን ይዘኸዋል እኮ።»

ባለቀዳዳው እጁን አየ። በረዶው ግማሽ ሆኗል። ውሃው በእጅጌው ውስጥ ይወርዳል፤ መዳፉ እንደ ፍም ቀልቷል። «ረስቼው» አለ።

«በረዶ ይረሳል?»

ሾፌሩ እሳቱን አጠፋና መኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ዘንድሮ ስንት ደፈንን?»

«ብርዱ ከገባ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ።»

«እና ‹ደርቋል› ስትለኝ…»

«በዓይኔ ነው። በልማድ።»

ሾፌሩ ተነሣ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ተመለሰ። «እኔ እኮ በአንተ እጅ ነው ስምል የኖርኩት! በየሄድኩበት የሱ እጅ አይስትም እያልኩ! ዛሬ ጠዋት በእኔ ላይ ሲጻፍ አጠገቤ ቆመህ አየህ አይደል?»

«አየሁ።»

«ምንም አልመሰለህም?»

«ምንም አልመሰለኝም» አለ ባለቀዳዳው። እውነቱን ነበር፤ ራሱንም ያስደነገጠው ይኸው ነው።

የሾፌሩ ቁጣ በረደና የቆየ ወዳጅነቱ ብቻ ቀረ። «እኔ አልናገርብህም» አለው። «ግን አንዱ ወጣ እንጂ አሥራ ስምንቱ ገና በየመንገዱ ናቸው። ሰውም ብስክሌት መንዳቱን አይተውም።»

ጉድጓዱን ጠረጉ፣ መጠጡ፣ በእሳት አደረቁ። ባለቀዳዳው በልማዱ ሊንበረከክ ሲል ሾፌሩ ትከሻውን ይዞ ወደ ጎን አደረገውና ራሱ በደረቱ ተኛ። ጓንቱን አውልቆ እጁን አስገባ። «ኧረ ይሄ እጅ ያስቆርጣል! ይህን ነው ሃያ ስድስት ዓመት የዳበስከው?» ከዚያ ዝም ብሎ ዳበሰ። «እዚህ ጎን ላይ፣ ድንጋዮቹ መሐል፣ ውሃ ይሰርጋል» አለ። እንደገና እሳት ሰጡት። ሾፌሩ ከመኪናው ያረጀ ጋዜጣ አመጣና ወለሉ ላይ ተጭኖ አወጣው፤ ወረቀቱ ደረቅ ነበር። «አየህ፣ ጋዜጣም እውነት የሚናገርበት ቦታ አለው» አለ። ባለቀዳዳው ሊስቅ ምንም አልቀረውም። በጋዜጣ መሞከርን እሱም አስቦት ያውቅ ነበር፤ ግን ጋዜጣ የያዘ ዕለት «እጅህ ምን ሆነ?» መባሉ ስለማይቀር ነው የተወው።

መጠቅጠቁን እሱ ሠራው። ክንዱ አልረሳም። ሬንጁን ቀብቶ ሲጨርስ ስልኩን አወጣ፤ መስታወቱ የቀዘቀዘ ጣቱን እንቢ አለው። ሾፌሩ ሳይናገር ተቀብሎ ቁጥሩን ነካለትና መለሰለት።

«ኢንጂነር፣ ጥፋቱ የሾፌሩ አይደለም» አለ። «አስፋልቱ ሙቅ ነበር። ወለሉ ነው እርጥብ የነበረው። ጣቶቼ አይሰሙም። ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ከማሽን እንዳልወርድ።»

«ይወርዳሉ» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲያው ቀጥተኛ ናት። «አሥራ ስምንቱም ይከፈታሉ፤ ከነገ ጀምሮ። እርስዎ የት የት እንደሆኑ ያሳያሉ፣ ሾፌሩ ይዳብሳል። ሰኞ ሐኪም ያይዎታል። የብስክሌተኛውንም ሪፖርት በራስዎ እጅ ይጽፉታል።»

«እሺ» አለ። መኪናውን ተደግፎ ቆመ። የሞተሩ ብረት ሙቅ መሆኑን የሚያውቀው እንፋሎቱን በማየቱ ነው።

ቤቱ የደረሰው ገና ሳይመሽ ነበር። ልጁ ሳሎኑ ውስጥ ልብስ እየተኮሰች ነው፤ ለምትሠራበት ፋርማሲ የምትለብሰውን ነጭ ጋዋን። «አባዬ፣ ዛሬ በጊዜ መጣህ» አለችና ሻይ ቀዳችለት። እሱ ካፖርቱን ከሚስቱ ካፖርት አጠገብ ሰቀለ፣ ተቀመጠ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቀፈው።

«ያቃጥልሃል፣ ተው!»

«አያቃጥለኝም» አለ። «እሱን ነው ልነግርሽ የፈለግሁት።»

ነገራት። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ብስክሌተኛው፣ ከማሽን ስለ መውረዱ። እሷም ብርጭቆውን ከእጁ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና መዳፉን ገለበጠችው። አሮጌና አዲስ ቁስል ነበረበት።

«ይሄ ሁሉ የሻይ ነው?»

«የሻይ ነው።»

«በየቀኑ መድኃኒት ለሰው እሸጣለሁ» አለች ለራሷ ያህል። ፊቷን ሲያይ ስሌቱ እየመጣ መሆኑ ታወቀው። «ሁለት ዓመት» አለች። «እንግዲያው እማዬ…»

«እጇን ይዤ ነበር» አለ። «እሱ እውነት ነው። መቼ እንደሄደች ግን አላወቅኩም። ነርሷ ናት የነገረችኝ። ቀዝቅዛ ነበር፤ እኔ ስለ ፓምፑ እያወራሁላት። ጨበጠችኝ ያልኩሽ ውሸት ነው፣ ልጄ።»

ልጅቷ ካውያውን አጠፋችው። ወደ መስኮቱ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችው። «ለስንት ሰው ነገርኩ!» አለች። «ለስንት ሰው! ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ያንን መጨበጧን እያሰብኩ ነው የምተኛው።»

«አውቃለሁ።»

ካውያው እየቀዘቀዘ ቀጭ ቀጭ ይላል። ውጭ አንድ መኪና ለመነሣት ይታገላል፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ በአራተኛው ተነሣ። ከዚያ በኋላ ነው ልጅቷ የዞረችው። ዓይኗ እርጥብ ነበር፣ ግን ቁጣ አልነበረበትም፤ አንድ ነገር አስባ ያልጨረሰች ትመስል ነበር። መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ጨብጣህ ቢሆንስ?»

«ምን?»

«ጣትህ አይሰማም አልክ። ጨብጣህ ይሆናላ፣ አባዬ። አንተ ሳታውቅ።»

አራት ወር ሙሉ ውሸት ነው ሲል ከርሟል። እውነት ሊሆን ይችላል ብሎ አንድም ቀን አላሰበም። ምናልባት እሱ ስለ ፓምፑ ሲያወራ፣ ባላት አቅም ሁሉ እጁን ጨብጣው፣ በር አንኳኩታ ሰው እንዳጣች ተመልሳ ሄዳ ይሆናል። ይህ ሐሳብ ገብቶ ደረቱ መሐል ላይ ሲያርፍ አመመው። እስከዚያ ሐሙስ ድረስ፣ ከቀብሩም በፊት ጀምሮ ምንም አሞት አያውቅም ነበር። አሁን አመመው፤ በጣም አመመው፤ አለቀሰ። ድምፅ አውጥቶ። እንባው ትኩስ መሆኑን ፊቱ ነገረው።

ልጁ «በቃ፣ በቃ» አላለችውም። ወንበሯን አስጠግታ እስኪወጣለት ጠበቀች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ በጣቶቿ ነካ አደረገችው።

«ገና ነው፤ ትንሽ ቆይ» አለች።

ቆየ። ትንሽ ቆይታ እንደገና ነካችው፤ ብርጭቆውን አንሥታ በሁለት እጆቹ መሐል አስቀመጠችለት።

«አሁን ጠጣ» አለችው።